ለአንድ አፍ ብቻ

ፉአድ ይማም ስሙን መጥራት ያቃተው የካቲት ሦስት ቀን 2081 ዓ.ም. ጠዋት ነው። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። በኮምቦልቻ የቦርከናን የመስኖ በሮች በድምፁ እየከፈተና እየዘጋ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። የዚያን ዕለት ከሦስተኛው በር አጠገብ ባለው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ አዳለጠውና በአፉ ተደፋ። ከላይኛው ረድፍ አራት የፊት ጥርሶቹና ሁለት የቀኝ መንጋጋ ጥርሶቹ ተሰበሩ። ደሙን በመሐረብ ጠርጎ ተነሣና እንደ ወትሮው «ፉአድ ነኝ፤ ሦስተኛው በር ይዘጋ» ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው «ሁአድ ነኝ» የሚል ነበር። በሩ አልተዘጋም።

ፍ የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ሲነካ የሚወጣ ድምፅ ነው። ጥርሱ ከሌለ ፍ የለም። ፉአድ ይህን እስከዚያ ቀን ድረስ አስቦት አያውቅም። በመጨረሻ በሩን የዘጋው ደሴ የተቀመጠ ሌላ ሠራተኛ ነው።

በዚያ ዘመን ሰው የሚታወቀው በድምፁ ነበር። የቤት በር፣ አውቶቡስ፣ ዳቦ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ሁሉም በመግቢያው ላይ ሕዝቡ «አድማጭ» የሚላት አንዲት ክብ ነገር ነበረችው። ሰው ፊቷ ቆሞ ስሙን ይናገራል፤ እሷ «እንኳን ደህና መጡ» ትላለች፤ ሰውየው ያልፋል። ቁልፍ የያዘ ሰው ከታየ ሰው ዞር ብሎ ያየዋል።

ጤና ጣቢያው ፉአድን በዘጠነኛው ቀን ጠራው። አጥንቱ ስስ ስለሆነ የሚተከል ጥርስ እንደማይሆነው፣ በምትኩ የሚወልቅና የሚጠለቅ ተነቃይ ጥርስ እንደሚሠራለት ነገሩት። ማሽኑ አፉን በአራት ደቂቃ ለካ፤ በአርባ ደቂቃ ሠርቶ አወጣ። ጥርሶቹ ነጭ፣ ቀጥ ያሉ፣ እርስ በርስ የተጣበቁ ነበሩ። የተያያዙበት ጠፍጣፋ ነገር ላንቃውን በሙሉ ይሸፍናል፤ በሰባት መንጠቆ ደግሞ የቀሩትን ጥርሶቹን ቆንጥጦ ይይዛል።

«እንዴት ነው?» አለችው የማሽኑ ተቆጣጣሪ።

«ይቆነጥጠኛል።»

«ይለምዱታል። ማሽኑ ልኬቱ ትክክል ነው ብሏል።»

ፉአድ ከጤና ጣቢያው ወጥቶ አውቶቡስ ሊሳፈር ስሙን ተናገረ። አሁን ፍ ወጥታለች፤ ግን ሌላ ሰው የተናገራት ያህል ነበር። «ያልታወቀ ድምፅ» አለች አድማጯ። ደጋግሞ ሞከረ። ከኋላው ሰዎች ተሰልፈዋል። አንዲት ሴት በጨዋ ደንብ አልፋው ስሟን ጠራችና ገባች። በእግሩ ሄደ።

የድምፅ መዝገብ ቤት የሚባለው ቢሮ ደንቡን አስረዳው። ዘጠና ቀን ሙሉ ያልታወቀ ሰው ፋይሉ ይዘጋል። ፋይሉ የተዘጋ ሰው «የሌለ» ይባላል፤ በስሙ ያለው ቤትም ቤት ለሚጠብቁ ሰዎች ይተላለፋል።

«አዲሱን ድምፄን መዝግቡልኛ» አለ ፉአድ።

ጸሐፊው ትሑት ሰው ነበር። «ይቻላል» አለው። «መጀመሪያ ግን ባለቤቱ በቀድሞ ድምፁ መስማማቱን መናገር አለበት።»

«የቀድሞ ድምፄ ነው እኮ የጠፋው።»

«ገባኝ፣ አባቴ። ደንቡ ግን ድምፅ እንዳይሰረቅ ተብሎ የወጣ ነው።» ከዚያ መዝገቡን አይቶ አከለበት፦ «እዚህ ላይ ምክንያት ተብሎ የተጻፈው፣ ድምፅዎ በዕድሜ ተለውጧል የሚል ነው።»

ፉአድ ቤቱ የሚገባው በሚስቱ በኢክራም ቃል ሆነ። ኢክራም በሩ ላይ ቆማ «ኢክራም ነኝ፤ ይህ እንግዳዬ ነው» ትላለች፤ በሩ ይከፈታል። ቤቱ አንድን እንግዳ ከአሥራ አራት ቀን በላይ በተከታታይ አያስተናግድም። ስለዚህ ፉአድ በየአሥራ አራት ቀኑ አንድ ቀን ወደ ሚስቱ ወንድም ቤት ሄዶ ያድርና በማግስቱ እንደ አዲስ እንግዳ ይመጣል። ዳቦ የምትገዛው እሷ ናት። ሐኪም ቤት ሲሄድ አብራው ሄዳ የምትናገረው እሷ ናት። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆማ ዝም አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«እንግዳዬ ነው ማለት ሰለቸኝ» አለች። «አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው።» ግን ቃሉን ተናገረችና ገቡ። ስሙን ያልጠየቀው መስጊዱ ብቻ ነበር።

በየሳምንቱ ሰኞ መዝገብ ቤቱ ኮሪደር ውስጥ ይሰለፋል። እዚያ ቢታንያ ወርቅነህ የምትባል ልብስ ሰፊ አወቀ። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ስትናገር ከንፈሯን በእጇ ትሸፍናለች። ከማሽኑ ተነቃይ ጥርስ ከወሰደች ወዲህ አድማጮቹ አያውቋትም። እሷንም «በዕድሜ» ብለዋታል። በየስልካቸው ያለው ሰዓት ከዘጠናው የቀራቸውን ቀን ወደ ኋላ ይቆጥራል። የእሱ ሠላሳ ዘጠኝ ሲል፣ የእሷ ሃምሳ አንድ ይላል።

ወይዘሮ ሶልያና ደምሰውን ያገኛት በአጋጣሚ ነው። የኢክራም የመነጽር ክንድ ተጣሞ ጆሮዋን ስለወጋት፣ አራዳ ሰፈር መነጽር የምትጠግን ሴት አለች ተባለና ሄዱ። ሶልያና ሰባኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ ነው። የመነጽሩን ክንድ በጉጠት ይዛ ትንሽ አጠፈችው፣ ኢክራም ጆሮ ላይ ሰቀለችው፣ አወለቀችው፣ ጥቂት ደግማ አጠፈችው።

«አሁን እንዴት ነው?»

«ያለ አይመስለኝም» አለች ኢክራም።

«እንደሱ ነው መሆን ያለበት። ካላወዛወዙት በቀር መኖሩ አይታወቅም።» ከዚያ በሩ አጠገብ ዝም ብሎ የቆመውን ፉአድን አየችው። «ጌታዬ፣ አፍዎ ውስጥ ያለው ነገር አልተስማማዎትም።»

«በምን አወቁ?»

«ምራቅዎን ሲውጡ ዓይንዎን ይጨፍናሉ።»

ሶልያና ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ጥርስ ሠሪ ነበረች፤ አሥራ አንድ ዓመት ኮሌጅ ውስጥ አስተምራለች። ማሽኑ ሲመጣ ትምህርቱ ተዘጋ። ማንም በእጅ መሥራትን አልከለከለም፤ ዝም ብሎ ተረሳ። እጇን ታጥባ ፉአድን መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው፣ ተነቃዩን ጥርስ አወጣችው፣ አፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ድዱ ቀልቷል። መንጠቆ ከያዛቸው ጥርሶች ሁለቱ በጣት ሲነኩ ይነቃነቃሉ።

«ሲበሉ ይህ ነገር ይሰምጣል?»

«ይሰምጣል። ስናገርም ይነሣል።»

«ሸክሙን ሁሉ ድድ ላይ ነው የጣለው» አለች። «ድድ ለስላሳ ነው። ሲጫኑት ይወርዳል። እሱ በወረደ ቁጥር መንጠቆዎቹ ጥርሱን ወደ ጎን ይጎትቱታል። የአጥር እንጨት ነቅለው ያውቃሉ?»

«እንዴታ።»

«ወደ ላይ ይጎትቱታል?»

ፉአድ አሰበ። «አይ። መጀመሪያ እነቀንቀዋለሁ።»

«ጥርስም እንደዚያው ነው። ከላይ ቢጫኑት ድንጋይ ነው፤ ከጎን ቢነቀንቁት ይነቀላል። ይህ የማሽን ሥራ የቀሩትን ስምንት ጥርሶችዎን በዓመት ውስጥ ይነቅልልዎታል።» ይህን ስትናገር ድምፅዋ አልጨመረም። ኢክራም ግን እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«እትዬ ሶልያና፣ ድምፄስ?» አለ ፉአድ።

«ድምፅ ቃል አልገባም። ጥርሱን ቦታው ላይ ልመልስልዎት። ድምፁ ቦታውን ካገኘ ይመጣ ይሆናል።»

የጉዳቱ ሃምሳ ሦስተኛ ቀን ነበር።

በማግስቱ ሶልያና የድሮ ፎቶግራፍ እንዲያመጡላት ጠየቀች። ኢክራም የሰርጋቸውን ፎቶ አመጣች። ፉአድ ፎቶው ላይ ስቋል። ሶልያና አጉልታ አየችውና ከማሽኑ ጥርስ ጋር አስተያየችው።

«ፍንጭት ነበሩ?»

«ፍንጭት ነበር» አለች ኢክራም ቀድማው። «እናቴ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። ጥርሱ ደስ ይላል አለች።»

«ማሽኑ ደፍኖታል። ፍንጭት ለእሱ ጉድለት ነው።» ሶልያና የጥርሱን ረድፍ በጥፍሯ ጫፍ ነካች። «ጌታዬ፣ ስ ሲሉ አየር በዚያ ክፍተት ነበር የሚወጣው። ስሜ ሲሉ ትንሽ ያፏጩ ነበር?»

«ልጆቹ ይቀልዱብኝ ነበር።»

ሥራው ሃያ ስድስት ቀን ፈጀ። ሶልያና የአፉን ቅርፅ በጄሶ አወጣችና ከአልጋ ሥር የተቀመጠ የድሮ መሣሪያ አውጥታ አቧራውን ጠረገች፤ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን ዘንግ ያለው መቆሚያ ነው። የጄሶውን አፍ ከዘንጉ ሥር አድርጋ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን እያዘነበለች ዘንጉን በየጥርሱ ጎን አስኬደች። ፉአድ ሥራ ስለሌለው በየቀኑ እየመጣ ይመለከታል።

«ምን እየፈለጉ ነው?»

«መንገድ። እነዚህ ስምንት ጥርሶች እያንዳንዳቸው ወደየፊናቸው ያዘነበሉ ናቸው። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ መግቢያ አለ። እሱን ካገኘሁ ጥርሱ ያለ ጉልበት ይገባል፤ በዚያ መንገድ ካልሆነ ደግሞ አይወጣም።»

በሦስተኛው ቀን አገኘችውና በእርሳስ ምልክት አደረገች።

ማሽኑ ሰባት ጥርስ በያዘበት እሷ አራት ብቻ መረጠች። በአራቱ ጥርሶች አናት ላይ የምስር ፍሬ የምታህል መቀመጫ አበጀች፤ ተነቃዩ ጥርስ በዚያ ላይ ያርፍና የማኘክ ሸክሙ ቀጥ ብሎ ወደ ጥርሱ ሥር ይወርዳል። እያንዳንዱን ጥርስ የምታቅፍ ቀጭን ክንድ ሠራች፤ ከክንዱ ትይዩ ደግሞ እንዳይገፋ የሚደግፍ ሌላ ክንድ አደረገች። ላንቃውን መሸፈን ትታ ግራና ቀኙን በቀጭን ግን በማይታጠፍ ብረት ከፊትና ከኋላ አያያዘችው፤ መሐሉን ክፍት ተወችው። ብረቱ የድዱን ጠርዝ የትም አይነካም፤ የፊት ጥርሶቹን ደግሞ ፎቶው ላይ እንዳሉት ፍንጭት አድርጋ ደረደረች። አንድ ወርቅ አንጥረኛ ምድጃውን ሰጣት፤ ብረቱን ያፈሰሰችው እዚያ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ይህን ካደረገች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ከአንጥረኛው ቤት ስትወጣ ፉአድ ዕቃውን ተቀብሎ ያዘላት።

በሰባ ዘጠነኛው ቀን አጠለቀችለት። ያለ ድምፅ ገባ። ፉአድ ምራቁን ዋጠ፤ ዓይኑን አልጨፈነም። ከኢክራም የተቀበለውን ዳቦ ነክሶ አኘከ። ያለምንም ሕመም ካኘከ ከሁለት ወር በላይ ሆኖታል፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ፣ ለረጅም ጊዜ አኘከ።

ሦስቱም ተያይዘው ወደ መዝገብ ቤቱ መሞከሪያ ክፍል ሄዱ። እያንዳንዱ ዜጋ ያስመዘገበው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። የፉአድ «ስሜ ፉአድ ይማም ነው፤ ቃሌ የራሴ ነው» የሚል ነበር። ተናገረ። ፍ ንጹሕ ሆና ወጣች። አድማጯ ቁጥር አሳየች፤ ሰባ አራት። ለመታወቅ ዘጠና ያስፈልጋል።

«ያልታወቀ ድምፅ።»

ፉአድ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ይቅር፣ እትዬ» አለ። «በልቻለሁ። ይበቃኛል። ቤቱን ከወሰዱትም ኢክራም ወንድሟ ጋ ትኖራለች፤ እኔም እንግዳ መሆንን ለምጄዋለሁ።»

«እኔ አልለመድኩትም» አለች ኢክራም።

ሶልያና የሚነጋገሩትን የሰማች አትመስልም። «ሰማንያ ሰባት ይበሉ» አለችው።

«ሰማንያ ሰባት።»

«ሳሳ። ጸጸት። ነጠላ።»

እያንዳንዱን አለ። ነ እና ለ ደህና ናቸው። ስ እና ጸ ግን ወደ ሽ ያዘነብላሉ። ሶልያና ጣቷን ወደ ራሷ አፍ ከታ ከፊት ጥርሷ ጀርባ ያለውን ላንቃ ዳሰሰች። እዚያ ላይ ትንንሽ ሸንተረሮች አሉ፤ ሁሉም ሰው አለው፤ ማንም አያስባቸውም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እንዲያምር ብዬ ከፊት ያለውን ብረት እንደ መስታወት አለሰለስኩት። ምላስ ዓይነ ስውር ነው፣ ጌታዬ፤ እየዳበሰ ነው የሚሄደው። ስ የሚላት ቦታ የደረሰው ሸንተረሮቹን ሲያገኝ ነበር። እኔ መንገዱን አጥፍቼበታለሁ።»

ወደ ቤቷ ተመለሰችና የጄሶውን አፍ አምጥታ ሸንተረሮቹን አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ሰባት ነበሩ፤ አንዱ መሐል ላይ እንደ ወንዝ ይከፈላል። የፊቱን ክፍል ቆርጣ ጣለችና በሰም እንደገና ሠራችው፤ ሸንተረሮቹን ፉአድ እንደተወለደባቸው አድርጋ፣ የተከፈለችውንም ጭምር። እንደገና ምድጃ፣ እንደገና ሞረድ። የተጠናቀቀው በሰማንያ ሰባተኛው ቀን ነው። የፉአድ ጉዳይ በመዝገብ ቤቱ ጉባኤ የሚታይበት የመጨረሻ ቀጠሮ ደግሞ በማግስቱ ነበር። ለመሞከር ጊዜ አልነበራቸውም።

ጉባኤው ሦስት ሰዎች ነበሩት። ሰብሳቢዋ መክሊት አያሌው ትባላለች፤ ከጎኗ ኢንጂነር ዮናታን ሀብቴና አንድ ቃለ ጉባኤ ያዥ ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ አድማጯ አለች። ኮሪደሩ ሞልቷል፤ ቢታንያም እዚያ አለች።

«ይናገሩ» አለች ሰብሳቢዋ።

ፉአድ ተነሣ። «ስሜ ፉአድ ይማም ነው፤ ቃሌ የራሴ ነው።»

ስሜ ሲል ትንሽ አፏጨ። አድማጯ ጥቂት ቆየች። ዘጠና ስድስት።

«አቶ ፉአድ ይማም፣ እንኳን ደህና መጡ።»

ኢክራም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ፉአድ እንደቆመ ቀረ፤ ሰማንያ ስምንት ቀን ሙሉ በስሙ የጠራው በር አልነበረም። ኢንጂነር ዮናታን ግን እጁን አነሣ።

«መዝገቡ ላይ ተቃውሞ ይያዝልኝ። ይህ ሰው ትናንትና ያልታወቀ ነበር። ዛሬ አፉ ውስጥ በእጅ የተሠራ ብረት አለ። ደንባችን ድምፅ ማስመሰያ መሣሪያን ይከለክላል። ይህ መሣሪያ ነው።»

«መሣሪያማ ነው» አለች ሶልያና ከኋላ። «የማሽኑስ ምንድን ነው?»

«ስምዎ?»

«ሶልያና ደምሰው። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«እመቤቴ፣ ይህን ሌላ ሰው ቢያጠልቀው የአቶ ፉአድን ድምፅ ያገኛል ወይስ አያገኝም?»

«ማጥለቅ ከቻለ እኔ ሥራዬን አላውቅም ማለት ነው።» ከቦርሳዋ ሁለት የጄሶ አፎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አንዱ የእሳቸው ነው። አንዱ የሌላ ሰው። ይሞክሩት።»

ፉአድ ተነቃዩን ጥርስ አውጥቶ በውሃ አጥቦ ለኢንጂነሩ ሰጠው። ኢንጂነሩ መጀመሪያ ፊቱን አጨፈገገ፤ ከዚያ ሙያው አሸነፈውና ወደ ብርሃን አስጠግቶ ተመለከተው። በሌላው አፍ ላይ ሞከረ። አልገባም። አዘነበለው፣ ገፋው፤ አልገባም። ወደ ፉአድ ጄሶ አዞረው። በቀጥታ ሲጫነው አሁንም አልገባም።

«ትንሽ ወደ ኋላ ያዘንብሉት» አለች ሶልያና።

አዘነበለው። ተነቃዩ ጥርስ እንደ መሳቢያ ተንሸራትቶ ወረደና ተቀመጠ። ኢንጂነሩ እንደገና አወጣው፤ እንደገና አስቀመጠው። ይህን አራት ጊዜ አደረገ፤ ማንም አላቋረጠውም።

«ይህ ግን የሚያሳየው የእሱ አፍ መሆኑን እንጂ ድምፁን የለወጠው ምን እንደሆነ አይደለም» አለ በመጨረሻ፤ አሁን ድምፁ የተከራካሪ አልነበረም። «ማሽኑ ነው? ዕድሜ ነው? የወደቀበት ነው? በምን እንለየዋለን?»

ፉአድ ጥርስ በሌለው አፉ እየተኮላተፈ መለሰ፦ «ተነቃይ ነው እኮ።»

«ምን አሉ?»

«ይወልቃል። ይጠለቃል። እዩታ።»

ሰብሳቢዋ ቀና አለች። «ይቀጥሉ።»

ፉአድ ባዶ አፉን እንደያዘ ዓረፍተ ነገሩን ተናገረ። አርባ አንድ፤ «ያልታወቀ ድምፅ።» ከኪሱ የማሽኑን ጥርስ አውጥቶ አጠለቀና ያንኑ ተናገረ። ሃምሳ ስምንት፤ «ያልታወቀ ድምፅ።» አወጣው። የሶልያናን አጠለቀ። ዘጠና ስድስት፤ «እንኳን ደህና መጡ።»

«ቅደም ተከተሉን ይለውጡ» አለ ኢንጂነሩ። ለወጠ። ውጤቱ አልተለወጠም። «ያልተጻፈ ነገር ይናገሩ። ሥራ ላይ የሚሉትን።» ፉአድ በማሽኑ ጥርስ «ሦስተኛው በር ይዘጋ» አለ፤ ስልሳ። በሶልያና ጥርስ አለ፤ ዘጠና ሰባት። ኢንጂነሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«በአንድ ሰዓት ውስጥ ዕድሜው አልተለወጠም» አለ። «ተቃውሞዬን አንሥቻለሁ።»

መክሊት አያሌው ለጥቂት ጊዜ ከቃለ ጉባኤ ያዡ ጋር ተነጋገረች። ከዚያ ያለ ስሜት፣ ደንብ በሚነበብበት ድምፅ ተናገረች። የአቶ ፉአድ ይማም ፋይል ክፍት ነው። በመዝገቡ «በዕድሜ» የተባለው ይሰረዛል። ከዚያ ቀጠለች። በዚህ መዝገብ ቤት ከማሽኑ ተነቃይ ጥርስ ከወሰዱ በኋላ ያልታወቁ ሌሎች ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች አሉ። ሁሉም ተመሳሳይ ምክንያት ተጽፎባቸዋል። ምክንያቱ ሐሰት ሆኖ ስለተገኘ የእነዚህ ሰዎች የቀን ቆጠራ ከአሁኗ ሰዓት ጀምሮ ቆሟል። እያንዳንዳቸው በደንብ የተሠራ ጥርስ እስኪያገኙ ድረስ በስማቸው እንደታወቁ ይቆጠራሉ።

ውጤቱ በመጀመሪያ የተሰማው ከኮሪደሩ ነው። ስልኮቹ ሁሉ ባንዴ ጮኹ፤ ወዲያው ሁሉም ጸጥ አሉ። ሰዎች ሰዓታቸውን እያዩ እርስ በርስ ተያዩ። ቀኖቹ መቆጠር አቁመዋል። አንድ ሽማግሌ በስልኩ ላይ ያለውን ቁጥር ለማያውቀው ሰው እያሳየ «አራት ይላል፤ አራት ላይ ቆመ» ይል ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ስሙን ተናገረ፤ ለአድማጭ አልነበረም፣ ዝም ብሎ ነው። ሌላው ተከተለ። የተኮላተፈ፣ ያፏጨ፣ የተጣመመ ስም ከግድግዳ ግድግዳ ሞላ፤ ጠባቂው ጸጥታ ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

«ወይዘሮ ሶልያና» አለች ሰብሳቢዋ፣ «በወር ስንት መሥራት ይችላሉ?»

«ብቻዬን አራት።»

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አለ።»

«ማሽኑ ጋ የተቀመጡት ተቆጣጣሪዎች ሥራቸው ምንድን ነው?»

«አዝራር መጫን» አለ ኢንጂነር ዮናታን።

«እጅ አላቸዋ። አሥሩን ስጡኝ። ዘንግ ያለው መቆሚያ ደግሞ እርስዎ ይሠሩልኝ፤ የኔን አሳይዎታለሁ።»

ኢንጂነሩ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት የጄሶ አፎች ተመለከተ። «ስንት?» አለ።

ፉአድና ኢክራም ተያይዘው ሲወጡ ሕዝቡ መንገድ ከፈተላቸው። ቢታንያ ወርቅነህ ግን ሶልያናን በር ላይ አቆመቻት፤ እጇ አሁንም ከንፈሯ ላይ ነበር።

«እኔ መቼ ልምጣ፣ እትዬ?»

«የት ትመጫለሽ? ብርሃን አለ እኮ እዚህ።» ሶልያና ዘወር ብላ መስኮት ፈለገች። ፉአድ ተመልሶ ከአዳራሹ አንድ ወንበር ይዞ ወጣና መስኮቱ ሥር አስቀመጠው። ሶልያና ከቦርሳዋ ሳሙና አውጥታ ኮሪደሩ ጫፍ ካለው ቧንቧ እጇን ታጠበች። የጉባኤው አባላት ለምሳ ሲወጡ በወንበሩ ዙሪያ በጎን በጎን ማለፍ ነበረባቸው፤ ማንም ተነሡ አላለም።

«እጅሽን አውርጂው» አለች ሶልያና። «መጀመሪያ ስምሽን ንገሪኝ። ደግሞ አትሳቀቂ፤ እንዳለ ልስማው።»

ቢታንያ እጇን አወረደች።